ሰማያዊው ትልና አረንጓዴው ትል

ባለፈው ነሐሴ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር እንደ ታላቅ እህቴ የማያት ሴት በቴሌግራም ፎቶ ላከችልኝ። ጓሮዋ ውስጥ ካለው ቃሪያ ላይ የጣት ውፍረት ያለው አረንጓዴ ትል ተለጥፏል። ከኋላው ጫፍ ላይ ቀላ ያለች ቀንድ ቆማለች። ከፎቶው ስር እንዲህ ይላል፦ «አንተ ልጅ፣ ይሄ ልጄ ለእንሽላሊቱ የሚገዛው ትል አይደል እንዴ? የሱቁ ሰማያዊ ነው እንጂ ቀንዱም መልኩም አንድ ነው። በየሳምንቱ ብር ከማወጣ ይሄንን ለቅሜ ብሰጠውስ?»

ቀልድ ይመስላል እንጂ ጥሩ ጥያቄ ነው። አዎ፣ ሁለቱ ትሎች አንድ ዝርያ ናቸው። መልሱ ግን «እንዳትሰጪው» ነው። ምክንያቱን ለማስረዳት ከቀለሙ መጀመር ይሻላል፤ ሰማያዊና አረንጓዴ መሆኑ ትሉ ምን በልቶ እንዳደገ የሚናገር ምልክት ነውና።

ትሉ በእንግሊዝኛ ሆርንዎርም ይባላል፤ ቀንዳም ትል ማለት ነው። ትል እንበለው እንጂ የእሳት እራት አባጨጓሬ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ማንዱካ ሴክስታ፣ አገሩም አሜሪካ አህጉር ነው። ሲያድግ ክንፉ ሲዘረጋ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን፣ እንደ ሃሚንግበርድ አየር ላይ ቆሞ የአበባ ማር የሚመጥ ግራጫ የእሳት እራት ይሆናል። ማንዱካ ኩዊንኩማኩላታ የሚባል በጣም የሚመስለው ዘመድ አለው፤ ሁለቱም የቲማቲም ጓሮ ያወድማሉ። መለያው ቀላል ነው። ሴክስታ ጎኑ ላይ ሰባት ሰያፍ ነጭ መስመሮችና ቀላ ያለ ቀንድ አለው፤ ዘመዱ ደግሞ የቪ ቅርጽ ያላቸው ስምንት ምልክቶችና ጠቆር ያለ ቀንድ። በቤት እንስሳት ሱቅ በፕላስቲክ ኩባያ የሚሸጠው ሴክስታ ነው። (ኢትዮጵያ ውስጥ የስኳር ድንች ማሳ ላይ ቀንድ ያለው ወፍራም ትል አይታችሁ ከሆነ፣ እሱ አግሪየስ ኮንቮልቩሊ የሚባል የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው እንጂ ይሄኛው አይደለም።)

ለምን ሰማያዊ ሆነ?

የትሉ ደምና ቆዳ ውስጥ ኢንሴክቲሲያኒን የሚባል ሰማያዊ ፕሮቲን አለ። ይሄንን ትሉ ራሱ ይሠራዋል። ቅጠል ሲበላ ደግሞ ከቅጠሉ ሉቲንና መሰል ቢጫ ቀለሞችን፣ ማለትም ካሮቲኖይዶችን ያገኛል፤ እነዚህን ግን ራሱ መሥራት አይችልም። ሰማያዊ ከቢጫ ጋር ሲደባለቅ ምን እንደሚሆን ቀለም የቀላቀለ ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ አረንጓዴ ይሆናል። ቅጠል መካከል ለሚኖር ትል ደግሞ አረንጓዴነት መደበቂያ ነው።

የሱቁ ትል ቅጠል አይቶ አያውቅም። ያደገው ኩባያው ውስጥ በተለጠፈ ቡናማ ሊጥ መሰል ምግብ ላይ ነው። በዚያ ምግብ ውስጥ ቢጫው ቀለም በጣም ትንሽ ስለሆነ ሰማያዊው ብቻውን ይታያል። ስለዚህ ሰማያዊ ትል ስታዩ «ይሄ ቅጠል አልበላም» ብላችሁ ብታነቡት አትሳሳቱም። አረንጓዴ ትል ስታዩ ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «የምን ቅጠል?» ነው።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ይሄ ትል የሚወደው የቲማቲም፣ የትምባሆ፣ የድንች፣ የቃሪያና የአስተናግር (አጤ ፋሪስ) ቤተሰብ ነው። ይሄ ቤተሰብ በመርዙ የታወቀ ነው። የቲማቲም ቅጠል ቶማቲን፣ ትምባሆ ኒኮቲን፣ አስተናግር ደግሞ አትሮፒንና ስኮፖላሚን አላቸው። አስተናግር ምን እንደሚያደርግ ለአገራችን ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ትሉ እነዚህን ሁሉ በልቶ ጤናማ ሆኖ መኖሩ እኛን ያሳስተናል፤ «እሱን ካልገደለው እንሽላሊቱንም አይገድለውም» ያሰኛል።

በ2014 ከጀርመኑ የማክስ ፕላንክ የኬሚካል ኢኮሎጂ ኢንስቲትዩት የወጣ ጥናት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ትሉ ከትምባሆ የበላውን አብዛኛውን ኒኮቲን በኩሱ ያስወጣል። ጥቂቱን ግን ከአንጀቱ ወደ ደሙ አሳልፎ በጎኑ ባሉት የመተንፈሻ ቀዳዳዎች ወደ ውጭ ይተነፍሰዋል። ሸረሪት ስትጠጋው የኒኮቲኑ ሽታ ያባርራታል። ተመራማሪዎቹ ኒኮቲኑን ወደ ደም የሚያሳልፈውን ጂን ሥራ ሲቀንሱት፣ ሸረሪቶቹ ያንን ትል በብዛት በሉት። ማለትም መርዙ ትሉ ውስጥ ሲያልፍ ጠላት እስኪሸሽ ድረስ ይሠራል።

ከዚህም በላይ ቀላል የሆነ ነገር አለ። እንሽላሊት ትልን አንጀቱን አጥቦ አይበላም። ይሄ ትል ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚበላ እንስሳ ነው፤ ከሰውነቱ ውስጥ ትልቁን ቦታ የያዘው አንጀቱ ነው፣ አንጀቱ ውስጥ ያለው የታኘከ ቅጠል ነው። አረንጓዴ ትል ለእንሽላሊት መስጠት የቲማቲም ቅጠል ጠቅልሎ ማጉረስ ነው በሉት። የቃሪያ ቅጠል ውስጥ ያለው ኒኮቲን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ነገር ግን ትሉ ትናንት ከየትኛው ተክል ላይ እንደነበር፣ ጎረቤት ምን እንደረጨ ማን ያውቃል?

«ታዲያ ለጥቂት ቀን ንጹህ ምግብ ሰጥቼ አንጀቱን ባጸዳውስ?» ብትሉ፣ መሃንዲስ ያሰኛችኋል፤ እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት ይሄንኑ ነበር። ግን ትሉ እሺ አይልም። በ2001 ኔቸር መጽሔት ላይ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከተፈለፈለ ጀምሮ የዚህን ቤተሰብ ቅጠል የበላ ትል በቅጠሉ ውስጥ ያለ ኢንዲዮሳይድ ዲ የሚባል ንጥረ ነገር ካልቀመሰ ሌላ ምግብ አይቀበልም፤ ምላሱ ለዚያ ተስተካክሏል። የተዘጋጀ ምግብ ላይ ያደገው ግን ይሄ ሱስ የለውም፤ ሌሎች ተክሎችንም ይሞክራል። ስለዚህ የጓሮውን ትል ኩባያ ውስጥ ብታስገቡት ምግቡ አጠገብ ሆኖ ይራባል።

ጓሮ ካነሳን አይቀር ከትሉም የከፋ አለ። በአሜሪካ ምሥራቅ በበጋ ማታ ማታ ሣሩ ላይ ብልጭ ድርግም የሚሉት አብሪ በራሪዎች ለእንሽላሊት ገዳይ ናቸው። በ1999 የወጣ ጥናት ቢርድድ ድራገን የሚባሉት የአውስትራሊያ እንሽላሊቶች እነሱን በልተው መሞታቸውን መዝግቧል፤ አንዷ ብቻ ልትበቃ ትችላለች። አውስትራሊያ ያደገ እንስሳ የአሜሪካን ነፍሳት ማወቅ አይችልም፤ የቀረበለትን ይበላል። ልጆች ቤት ውስጥ ካሉ ይሄንን አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

በ18 ቀን 10,000 እጥፍ

አሁን ወደ ሰማያዊው እንመለስ። ኩባያ የገዛ ሰው ሁሉ የሚያማርረው አንድ ነገር ነው፦ ሰኞ የገዛው ክር የመሰለ ትል፣ በሳምንቱ እንሽላሊቱ የማይውጠው ጭራቅ ሆኖ ይጠብቀዋል።

ቁጥሩን እንየው። ከእንቁላሉ ሲወጣ ትሉ 1 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጥሩ ምግብ አግኝቶ 18 ቀን አካባቢ ሲሞላው 10 ግራም ይደርሳል። ይሄ 10,000 እጥፍ ነው። የ10,000 ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም 9.2 ነው፤ ለ18 ቀን ሲካፈል በቀን 0.51 ይሆናል፤ ይሄም ማለት ክብደቱ በአማካይ በየ32 ወይም 33 ሰዓቱ እጥፍ ይሆናል። 3.5 ኪሎ ሆኖ የተወለደ ሕፃን እንዲህ ቢያድግ 35 ቶን ይገባል፤ ጭነት የሞላ ሲኖትራክ ያህል።

እድገቱ በአምስት ደረጃ ነው፤ በየደረጃው መካከል ቆዳውን ያወልቃል። ዋናው ነገር ያለው አምስተኛው ላይ ነው። ትሉ አምስተኛውን ደረጃ ሲጀምር 1 ግራም ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ ከሳምንት ባነሰ ጊዜ 10 ግራምና ከዚያ በላይ ይሆናል። የሕይወቱን ክብደት ዘጠኝ አሥረኛ የሚጨምረው በመጨረሻዎቹ ጥቂት ቀናት ነው ማለት ነው። ለዚህ ነው ኩባያው «አሁንማ ገና ትንንሽ ናቸው» እያላችሁ ድንገት የሚሞላው።

መሪው የሙቀት መጠን ነው። ነፍሳት የራሳቸው ማሞቂያ የላቸውም፤ የሰውነታቸው ኬሚስትሪ በክፍሉ ሙቀት ይሄዳል። በጥቅሉ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ የብዙ ሕይወታዊ ሂደቶች ፍጥነት ወደ ግማሽ ይወርዳል። ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ትሉ ይሮጣል፤ 13 ዲግሪ አካባቢ የቆመ ያህል ነው። ብዙ አርቢዎች ትንሿን የወይን ጠጅ ማቀዝቀዣ የሚገዙት ወይን ሊጠጡ አይደለም፤ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ በእርግጠኝነት የምትይዝ ርካሽ ዕቃ እሷ ስለሆነች ነው። የምግብ ፍሪጅ ግን 4 ዲግሪ ነው፤ ለዚህ ትል ይበዛበታል። የሚሠራው ዘዴ ኩባያውን ለሁለት መክፈል ነው፦ የዚህ ሳምንቱ በክፍል ሙቀት፣ የሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ።

አንድ ጥንቃቄ አለ። የትሉ ምግብ በአብዛኛው ውሃ ስለሆነ ኩባያው ውስጥ ያለው አየር እርጥበት የጠገበ ነው። ሞቅ ያለውን ኩባያ በአንዴ ወደ ቀዝቃዛ ቦታ ብታስገቡት ግድግዳው ላይ ጤዛ ይቋጥራል፤ ጤዛው ኩሱን ያረጥባል፣ በማግስቱ ሻጋታ ነው። ክዳኑ ላይ የወረቀት ፎጣ አንጥፉ፣ በየቀኑ ቀይሩ። ሻጋታ የያዘው ምግብ አይጠገንም፤ ይጣላል።

ኩባያው ተገልብጦ የሚሸጠውም በስህተት አይደለም። ምግቡ ከላይ ከኩባያው ቂጥ ጋር ተጣብቋል፣ መሃል ላይ ትሉ የሚንጠለጠልበት የፕላስቲክ መረብ አለ፣ ክዳኑ ደግሞ ከታች ነው። ትሉ ወደ ላይ ቀና ብሎ ይበላል፣ ኩሱ በስበት ወደ ክዳኑ ይወድቃል። ኩሱ ምግቡን ሳይነካ ክዳኑን ብቻ ከፍቶ ማራገፍ ይቻላል። ያለ ሞተር፣ ያለ ማጣሪያ የሚሠራ የፍሳሽ ሥርዓት ነው፤ በቅርብ ካየኋቸው ዲዛይኖች ሁሉ በጣም የወደድኩት ይሄንን ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። «ተገልብጦብኛል» ብሎ የሚያቃናው ሰው ግን ብዙ ነው።

ትሉ መብላት የሚያቆመው መቼ ነው? በ1974 ፍሬድሪክ ኒጅሃውትና ካሮል ዊሊያምስ ያሳዩት ነገር ዛሬም በየመማሪያ መጽሐፉ አለ። ትሉ አምስተኛው ደረጃ ላይ ሆኖ 5 ግራም አካባቢ የሆነ ወሳኝ ክብደት አለው። ከዚያ በፊት ብታስርቡት ለውጡን ያዘገያል። ካለፈው በኋላ ግን ብታስርቡትም ባታስርቡትም ሰዓቱ ይቆጥራል፦ በልጅነት ያቆየው ሆርሞን ይቀንሳል፣ ሌላ ሆርሞን ይለቀቃል፣ ትሉ አንጀቱን ባዶ አድርጎ መንከራተት ይጀምራል። ይሄንን በዓይን ታውቁታላችሁ፤ ጀርባው ላይ ከራስ እስከ ጭራ ጥቁር መስመር ይወጣል። መስመሩ ልቡ ነው፤ እንደ ቱቦ ረዥም የሆነ፣ ሲመታ የሚታይ። ዱር ውስጥ ቢሆን አሁን አፈር ቆፍሮ ይገባ ነበር።

የዓይን መካከል ደንብ

እንሽላሊት አርቢዎች የሚከተሉት ደንብ አለ፦ በእንሽላሊቱ ሁለት ዓይኖች መካከል ካለው ርቀት የሰፋ ምግብ አይሰጥም። ይሄ ትል ለስላሳ ስለሆነ «ይዋጥለታል» የሚል ፈተና አለ። አንድ ቀን የዘገየ ትል ግን በብዙ ይሰፋል፤ የሂሳቡ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ትሉ ሊያልፍ ከሆነ ዛሬውኑ አቀዝቅዙት።

ስለ ምግብነቱ የሚወራው ትንሽ ይጋነናል። ትሉ 85 በመቶ ያህል ውሃ ነው፤ 9 በመቶ ገደማ ፕሮቲን፣ 3 በመቶ ገደማ ስብ። ክሪኬት የሚባለው ፌንጣ ውሃው 69 በመቶ፣ ፕሮቲኑ 20 በመቶ አካባቢ ነው። ሚልዎርም ደግሞ 62 በመቶ ውሃ፣ 19 በመቶ ፕሮቲን፣ 13 በመቶ ስብ። ስለዚህ 10 ግራም የሚመዝን ትልቅ ቀንዳም ትል ውስጥ ያለው ፕሮቲን 0.9 ግራም ነው፤ ይሄንኑ ከ4.5 ግራም ፌንጣ ታገኙታላችሁ። ውሃውን አውጥታችሁ ብታወዳድሩ ልዩነቱ ይጠባል፤ ሆኖም እንሽላሊቱ የሚውጠው ደረቁን አይደለም። በእኔ አስተያየት ትሉ ፕሮቲን ያለው የውሃ ኮዳ ነው። ውሃ መጠጣት ለጠላ፣ ከሕመም ለሚያገግም ወይም ስብ ለበዛበት እንሽላሊት ግሩም ነው፤ የዕለት እንጀራ ግን አይሆንም።

ካልሲየም ላይ ደግሞ መዘናጋት አያስፈልግም። እንሽላሊት ምግቡ ውስጥ ካልሲየሙ ቢያንስ ከፎስፈረሱ እኩል፣ ቢቻል እጥፍ እንዲሆን ይፈልጋል። አብዛኞቹ ነፍሳት ግን ተቃራኒ ናቸው፤ አጥንት የላቸውማ። ፌንጣ ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ ሰባት እጥፍ ይበልጣል። ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ3 ያነሰው፣ የአልትራቫዮሌት መብራት የሌለው እንሽላሊት ከራሱ አጥንት ይበደራል፤ መንጋጋው ይለሰልሳል፣ እግሩ ይጣመማል፣ ይንቀጠቀጣል። ቀንዳም ትልም ቢሆን የካልሲየም ዱቄት ተነስንሶበት ነው የሚሰጠው።

ምግቡን ራሳችሁ መሥራት ብትፈልጉ፣ መሠረቱ የላብራቶሪ አሠራር ነው። ሮበርት ያማሞቶ በ1969፣ ቤልና ዮአኪም በ1976 ትሉን በብዛት የማርባት ዘዴ አሳትመዋል። የስንዴ ጀርም (ከስንዴው ፍሬ ቡቃያ የምትወጣበት ክፍል)፣ ኬዚን የሚባለው የወተት ፕሮቲን፣ ስኳር፣ ማዕድናት፣ ቫይታሚኖች፣ ሻጋታ መከላከያ፣ ሁሉንም የሚያረጋው ደግሞ ከባሕር አረም የሚገኘው አጋር ነው። ኮሌስትሮልም ይጨመርበታል፤ ነፍሳት ኮሌስትሮል መሥራት ስለማይችሉ። አጋሩ በፈላ ውሃ ይሟሟል፣ ቫይታሚን ሲ ግን ሙቀት ይገድለዋል፤ ስለዚህ አጋሩ ሳይረጋ፣ ግን ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ በታች ሲወርድ ቫይታሚኑን መቀላቀል ነው። ለአንድ እንሽላሊት ይሄ ሁሉ ድካም አያዋጣም፤ ዱቄቱ ተዘጋጅቶ ይሸጣል። ዋናው ምግቡ ማለቁን ቀድሞ ማወቅ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ምግቡ እሑድ ማታ ያልቅና «ለዛሬ ብቻ» ተብሎ የቲማቲም ቅጠል ይገባል። በዚያች ቅጠል ሰማያዊው ትል የጓሮው ትል ሆነ።

ዑደቱን ሙሉ ለማዞር፣ ማለትም እራቱን አስፈልፍሎ እንቁላል ለማግኘት የሚሞክሩም አሉ። ሰፊ መረብ፣ የስኳር ውሃና ለእንቁላል መጣያ የሚሆን ቅጠል ይጠይቃል፤ አንዷ ሴት በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። የማይታወቀው ወጥመድ ብርሃን ነው። ትሉ እያደገ የቀኑ ርዝመት ከ13 ሰዓት ተኩል ገደማ ካነሰ «ክረምት መጣ» ብሎ ይደመድማል፤ ፒዩፓው፣ ማለትም ሽፋን ውስጥ የሚተኛው ደረጃ፣ በሦስት ሳምንት ከመፈልፈል ይልቅ ለወራት ይተኛል። በመስከረም መስኮት አጠገብ ያሳደገ ሰው «ሞተብኝ» ብሎ ጤነኛ ፒዩፓ ይጥላል። ላብራቶሪዎች በቀን 16 ወይም 17 ሰዓት መብራት የሚያበሩት ለዚህ ነው።

የተረፈውን ትል ጓሮ መልቀቅ ነውር ነው፤ ለጎረቤት ቲማቲም ማዘን ያስፈልጋል። በአሜሪካ የተክል ተባይ ከስቴት ወደ ስቴት ለማጓጓዝ የግብርና መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ወደ ኢትዮጵያ በሻንጣ መውሰድ ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም። ቲማቲም፣ ድንች፣ ቃሪያ፣ በርበሬ፤ የምናመርተው ሁሉ የሱ ምሳ ነው። የተረፈውን ፍሪዘር ውስጥ አስገብቶ መጣል ይበቃል።

ይሄን ሁሉ አሳጥሬ ጻፍኩላት። በሦስተኛው ቀን ሌላ ፎቶ መጣ። ያው ትል፣ አሁን ግን ጀርባው ላይ ሩዝ የመሰሉ ነጭ ፍሬዎች ተደርድረዋል። «እንቁላል ጣለ መሰለኝ፣ ላቃጥለው?» ትላለች።

እንቁላል አይደለም፤ ትል እንቁላል አይጥልም። ኮቴሲያ ኮንግሬጋታ የምትባል ትንሽ ተርብ ትሉን ወግታ ውስጡ እንቁላሏን ጥላበት ነበር፤ ልጆቿ ከውስጥ በልተውት ቆዳውን ቀደው ወጥተው የሠሩት ኮኩን ነው። ትሉ ከእንግዲህ ብዙም አይበላም፣ እራትም አይሆንም። ከያንዳንዷ ነጭ ፍሬ ግን ተርብ ትወጣለች፤ ተርቧም ሌላ ቀንዳም ትል ፍለጋ ትሄዳለች። «ተይው፣ እዚያው ቃሪያው ላይ ይቆይ» አልኳት።